የሽፋኗ ልጅ አንገት

የልጆች መጽሐፍ ሽፋን የሚሣለው በመጨረሻ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ሽፋን ከፊት ስለሚገኝ መጀመሪያ የሚሠራ ይመስለዋል። እኔ ግን የውስጡን ገጾች ሁሉ ጨርሼ፣ ልጅቱን ስትስቅም ስታኮርፍም ስትተኛም ሥያት፣ እጄ ከእሷ ጋር ከተላመደ በኋላ ነው ወደ ሽፋኑ የምመለሰው። ድሮ ይህን አሠራሬን ለሰው ስናገር ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር። አሁን እጄ በእውነት ከምን ጋር እንደተላመደ ስላየሁ ጉራውን ትቼዋለሁ።

ሥዕል የጀመርኩት ወልድያ ውስጥ ማስታወቂያ በመጻፍ ነው። ፀጉር ቤት፣ ጎማ ጥገና፣ የባጃጅ ጀርባ፣ ያልጻፍኩበት ነገር የለም። አንድ ጭማቂ ቤት በር ላይ የሣልኩት አቮካዶ የእጅ ቦምብ ይመስላል ተብሎ ስንት ጊዜ ተተርቤበታለሁ። ቀጥሎ የሰው ልጆችን ከፎቶግራፍ እያየሁ መሣል ያዝኩ። የክርስትና ወይም የልደት ፎቶ ያመጡልኛል፣ እኔ አተልቄ በቀለም እሠራላቸዋለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት የልጇን ሥዕል ይዛ ተመለሰች። ፊቱን ወዳዋለች፣ ዓይኑን ወዳዋለች፤ አንገቱ ላይ ግን ማተብ የለም። ፎቶው ላይ ኮሌታው ሸፍኖት ስለነበር አላየሁትም።

«ልጄን ክርስትና ያልተነሣ አስመሰልከው እኮ» አለችኝ።

ተቆጥታ አልነበረም፤ ከፍቷት ነው። ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ በቀጭኑ ብሩሽ አንዲት ጥቁር መስመር ባንገቱ ዙሪያ ሳብኩለት፣ ፊቷ በራ። ከዚያ ወዲህ ማተብ ረስቼ አላውቅም። ልጅ ሥዬ ስጨርስ የመጨረሻዋ መስመር እሷ ሆነች፤ ከእሷ በኋላ ብሩሼን አጥባለሁ። እንግዲህ አንድ ባዶ አንገት፣ ወይም ባዶ ያልሆነ አንገት፣ ለወላጅ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር ብዬ ማመካኘት አልችልም። ከማንም በፊት ተነግሮኛል።

ከዓመታት በኋላ ከአዲስ አበባ አንዲት የልጆች መጽሐፍ አዘጋጅ ደወለችልኝ። ታሪኩ ከአያቷ የማንጎ ዛፍ ጋር ስለተጣላች ልጅ ነው። ዛፉ ፍሬውን ከፍ አድርጎ ይይዝባታል፣ እሷ ትሰድበዋለች፣ ኋላ ይታረቃሉ። አገሩ ሐብሩ ስለሆነ የሐብሩን ሠዓሊ ፈለግሁ አለችኝ። እኔ የወልድያ ልጅ መሆኔን አልነገርኳትም፤ ለአዲስ አበባ ሰው ወልድያም ሐብሩም ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ ጠየቀችኝ፤ ልጅቱ የአሻንጉሊት ፊት እንዳይኖራት፣ ከእውነተኛ ልጅ ላይ እንድትሣል።

የሐብሩ ከተማ መርሳ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር ማንጎና ብርቱካን የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መኪና በቆመ ቁጥር ከእሳቸው ነበር የምገዛው፤ ከመግዛቴም ይልቅ የምንተራረበው ይበልጣል። ማንጎው ከግራና፣ ከራሳቸው ጓሮ ነው የሚመጣው። የልጅ ልጃቸውን፣ የሰባት ዓመት ግድም ልጅ፣ አንዳንድ ጊዜ አብራቸው ተቀምጣ ብርቱካን ስትደረድር አያት ነበር። ቅንድቧ የተቆጣ፣ አንድ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ደንበኛን ከእግር እስከ ራሱ የምትመዝን ልጅ ናት። ከዛፍ ጋር የምትጣላ ልጅ ካለች እሷ ናት ብዬ ለአያቷ ነገርኳቸው።

ወዲያው እሺ አላሉኝም። ባለቤታቸው ነፍስ ያለውን ነገር መሣል ደግ አይደለም የሚሉ ሴት ናቸው፣ እሳቸውም ቤታቸውን ሳያማክሩ ቃል የሚሰጡ ሰው አይደሉም። በሳምንቱ ስመለስ ሽርጣቸውን አስተካክለው ከብርቱካኑ ኋላ ተነሡ። ለልጆች መማሪያ ነው፣ ጣዖት አይደለም፣ የኛ ልጅ መጽሐፍ ላይ ወጥታ አገር ያያታል ብለው ስንት ማታ እንደተከራከሩ አጫወቱኝ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ።

«እንግዲህ ከሣልካት እሷን ሣል» አሉኝ። «እኔ ለቤቴ የነገርኩት የኔ ልጅ ናት የምትወጣው ብዬ ነው። ሌላ እንዳታረግብኝ።»

«ማተቤን! ቁርጥ እሷን ነው የምሥላት፣ አባባ» አልኩ፤ ክሬን በሁለት ጣቴ ይዤ።

«አብሽር፣ አምንሃለሁ» አሉኝ።

ግራና የሄድኩት በማግስቱ ነው። ከመርሳ በባጃጅ ገብቼ ጓሯቸው ውስጥ ትልቁ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ልጅቱ እንደ ሞዴል አርፋ የምትቀመጥ አልሆነችም፤ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ያልበሰለውን በድንጋይ ትመታለች። እኔም ሩጫዋን እየተከተልኩ በእርሳስ ስነድፋት ዋልኩ። ወደ ላይ ስታይ ሻሿ ወደ ትከሻዋ ይንሸራተታል፣ ረጅም ቀጭን አንገቷ ይወጣል። ያ አንገት ነው ሽፋኑን የሰጠኝ። አንጋጣ፣ እጇን ዘርግታ፣ ጣቷ ማንጎውን ሊነካ ስንዝር ሲቀረው። ከደብተሬ ጎን ቆማ ራሷን አየችና ጥርሷን ጠቆመችኝ።

«እዚህ ጋ ጥርስ እንዳትጨምርብኝ» አለች።

ምንም አልጨምርብሽም አልኳት። ያ የእርሳስ ንድፍ ዛሬም አለኝ። አንገቷ ባዶ ነው፤ ከጎኑ በራሴ እጅ ጽሑፍ የቆዳዋን ቀለም ለመበጥበጥ ምን ከምን ጋር እንደሚቀላቀል ጽፌያለሁ። አላየሁም እንዳልል ወረቀቱ ይመሰክርብኛል።

ሽፋኑን ሦስት ቀን ሠራሁት። መጀመሪያ ወፍራሙን ወረቀት ጣውላ ላይ በፕላስተር ወጥሬ በዙሪያው የጣት ስፋት ትርፍ ተውኩ፤ ማተሚያ ቤት ጠርዙን ስለሚከረክመው እዚያ ላይ ነፍስ ያለው ነገር አይቀመጥም። ከላይ ለርእሱ ሰማይ ተውኩ። ይሄ ሰማይ የጀማሪ መሰናክል ነው፤ ባዶ ቦታ አያስችለውምና ወፍ ይጨምርበታል፣ ደመና ይጨምርበታል፣ ኋላ ፊደሉ ከወፉ ላይ ይቀመጣል። እኔ ታገሥኩ። የመጀመሪያውን ቀን ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሎችን ሠራሁ፣ በሁለተኛው ቀን ብርሃን ያገኛቸውን ቅጠሎችና ማንጎውን። ማንጎው ቢጫ ብቻ ከሆነ ሎሚ ይመስላል፤ ፀሐይ ባየው ጉንጩ ላይ ቀይ መግባት አለበት። ልጅቱን ለሦስተኛው ቀን አቆየኋት። ቀሚሷ ቢጫ ነበር፣ ከማንጎው ጋር እንዳይጣላ ትንሽ አደበዘዝኩት። ቅንድቧን ቆጣ አደረግሁት። ጥርስ አልጨመርኩም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁት፣ ተመለስኩ፣ ቀጭኑን ብሩሽ ጥቁር ነከርኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩና በአንገቷ ዙሪያ አንዲት መስመር ሳብኩ። ከዚያ ብሩሼን አጠብኩ።

ይኸው ነው የሆነው። ክፋት አስቤ አይደለም፤ ምንም አላሰብኩም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ እንዲሉ፣ እጄ የለመደውን አደረገ። በዚህ ብቻ ቢያልቅ ኖሮ ስሕተት ነው ብዬ እተርከው ነበር፤ እንዲያውም ሰው አስቅበት ነበር።

ባለቤቴ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ገባች። ሥዕሎቼን ስታይ ብዙ አትናገርም፤ ዝም ብላ ትቆማለች፣ ከወደደችው ራሷን ትነቀንቃለች። ያን ቀን ነቀነቀች፤ ከዚያ ጎንበስ አለች።

«የግራናዋ ልጅ የእስላም ልጅ ናት አላልከኝም እንዴ?»

ያኔ ነው ያየሁት። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ቢታበስ፣ ካልሆነም በአንገቷ ቀለም ቢሸፈን ሻይ እስኪፈላ ድረስ የሚያልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን መስመሯ ቆንጆ ነበረች። ባንድ ትንፋሽ የተሳበች፣ ሳትንቀጠቀጥ ዞራ የጠፋች፣ የፊቷን ጥላ ከቢጫው ቀሚስ የለየች መስመር። እንዲህ ያለ መስመር በዓመት አንዴ ቢወጣልኝ ነው። ደግሞም በባለቤቴ ፊት፣ የሦስት ቀን ሥራዬን ባሞገስኩበት አፍ፣ ተሳሳትኩ ማለት ሞት ሆነብኝ።

«ሐብል ነው» አልኳት።

«ሐብል እንዲህ ነው?» አለችና ወጣች።

በማግስቱ በካርቶን አሽጌ በአዲስ አበባ አውቶቡስ ላክሁት። አዘጋጅዋ እንደደረሳት ደወለች፣ ደስታዋ ከስልኩ ይፈስ ነበር። በተለይ አንገቷ ላይ ያለችው ክር ልጅቱን ሀገርኛ አስመሰለቻት አለችኝ። ሀገርኛ! ልጅቱ ከግራና ጓሮ፣ ቅድመ አያቶቿ ከተቀበሩበት መሬት ላይ የበቀለች ልጅ ናት፤ ያለዚያች ክር ሀገርኛ አልነበረችም ማለት ነው? ይህን ግን ያን ጊዜ አላሰብኩም። አመሰግናለሁ አልኩ፣ ምስጋናውንም ወደድኩት። ይህንን ሳስታውስ ዛሬም ብቻዬን ሆኜ ፊቴ ይግላል።

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ አንዱን ቅጂ በጋዜጣ ጠቅልዬ ግራና ሄድኩ። አለመሄድ አማረኝ፤ ነገር ግን ሽማግሌው ባየሁ ቁጥር «ልጄ መቼ ነው የምትወጣው?» ይሉኝ ነበር። ደግሞ ለራሴ፣ ማን ልብ ይለዋል፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል እያልኩ ነበር። ሰው ራሱን ሲያታልል ሌላውን ዕውር ያደርጋል።

ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ልጅቱ ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ነበር። ሴት አያቷ፣ ያ ሁሉ ክርክር የተደረገላቸው፣ ወደኛ ሳይቀርቡ በሩ ላይ ቆሙ። ሽማግሌው እጃቸውን በሽርጣቸው ግራና ቀኙን ጠርገው ተቀበሉኝ። መጽሐፉን እንደ ዳቦ በሁለት እጃቸው ያዙት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ፈገግታቸው አልጠፋም፣ ግን ባለበት ቆመ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው የሥዕሏን አንገት ነኩ።

«ይቺ ምንድናት?»

«ሐብል ናት፣ አባባ።»

ቀና ብለው አዩኝ። የግራና ሙቀት አይጣል ነው፤ የሸሚዜን ሁለት ቁልፍ ከፍቻለሁ። አንገቴ ላይ ያለችው ክር፣ የማልኩባት፣ ያቺው ጥቁር ክር ቁልጭ ብላ ትታያለች። እሷን አዩ፣ መጽሐፉን አዩ። በሩ ላይ የቆሙት ባለቤታቸው በምን ጊዜ ወደ ውስጥ እንደገቡ አላየሁም።

«ቆንጆ ልጅ ናት፣ ማሻ አላህ» አሉኝ ሽማግሌው። «አላህ ለወላጆቿ ያሳድጋት።»

እኛ አገር ይህ ምርቃት ለሰው ልጅ ነው የሚባለው። መንገድ ላይ የማታውቀውን ልጅ ስታይ፣ እንግዳ ልጁን ይዞ ሲመጣ። ለራሱ የልጅ ልጅ እንዲህ የሚል አያት የለም።

መጽሐፉን ለልጅቱ አሳለፉላት። እሷም ሽፋኑን አየችና ገለጠች፣ ሁሉንም ገጽ አንድ በአንድ አየች፣ ዘጋችው።

«ዛፉ የኛ ነው» አለች።

ሽፋኑ ላይ ስላለችው ልጅ ምንም አላለችም። ስነሣ ሽማግሌው አንድ ፌስታል ማንጎ ሞልተው አስያዙኝ፣ አልወስድም ብል ደግ አይደለም ብለው ተቆጡኝ። እስከ ወልድያ ድረስ ጭኔ ላይ ነበር፣ ሚኒባሱ በሙሉ በማንጎው ሽታ ታወደ፤ ተሳፋሪው ከየት ገዛኸው እያለ ይጠይቀኛል። ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ በላችው። እኔ አንዱንም አልቀመስኩም።

ከዚያ በኋላ ፈሪ ሆንኩ። ወደ ውርጌሳ ወይም ወደ ደሴ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጫ የምመርጠው ከመርሳ በፊት ያለችውን ሲሪንቃን ሳናልፍ ነው፤ መርሳ ላይ ፍራፍሬው ካለበት ወገን እንዳልሆን። አንድ ጊዜ ቦታ ጠፍቶ በዚያ ወገን ተቀመጥኩና ጫማዬን የማስር መስዬ ከተማውን ጎንበስ እንዳልኩ አለፍኩት። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። ወልድያ ያለ መጽሐፍ መደብር መጽሐፉን መስኮቱ ላይ ሰቅሎታል፤ የሚያውቀኝ ሁሉ እያቆመ ያደንቀኛል፣ ልጅቱ ማን ናት ይለኛል። ከሐሳቤ ነው እላለሁ። አንዴ በቃለ መሐላ ካድኳት፣ በየመንገዱ ደግሞ በችርቻሮ ካድኳት።

ያስነሣኝ ባለቤቴ ናት ብል ደስ ባለኝ፤ እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ አንድም ቀን አላነሣችብኝም፣ ዝምታዋም የባሰ ነበር። ያስነሣኝ የራሴ ሥራ ነው። አንድ ጠዋት የአንድ ሕፃን የክርስትና ሥዕል ስጨርስ ቀጭኑን ብሩሽ ጥቁር ነከርኩና እጄ አልሄድ አለ። ተነሥቼ አዘጋጅዋ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ሐብል ያልኩትንም ጭምር። እሷም ያቺን ክር ማድነቋን አስታውሳ አፈረች። እንደገና ከታተመ ይስተካከላል አለችኝ። እስከዚያ ግን የተሸጠው ተሽጧል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ዋናውን ሥዕል እንድትልክልኝ ለመንኳት፣ በዚያው አውቶቡስ ላከችው።

የአንገቷን ቀለም ከድሮው ማስታወሻዬ እያየሁ በጠበጥኩ። እርጥብ ሳለ አንድ ይመስላል፣ ሲደርቅ ይጠቁራል። ፋቅሁት፣ እንደገና ቀባሁት። ያቺን ቆንጆ መስመር በስሱ በስሱ ስሸፍናት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ፤ ያኔ ቢሆን ሻይ እስኪፈላ ነበር።

ግራና ስደርስ ሽማግሌው ዛፋቸው ሥር ነበሩ። ሰላምታዬን እንደ ወትሮው መለሱ፣ የምቀመጥበት አልጋ አስወጡልኝ፣ ውኃ አስመጡልኝ። ውኃውን ሳልጠጣ ተናገርኩ፤ ብጠጣ እንደማልናገር አውቃለሁ።

«ሐብል አልነበረም፣ አባባ። ማተብ ነው። እጄ ነው ያመጣው፣ ኋላ ግን እያወቅሁ ተውኩት።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አሉኝ?»

«እንግዳ ነበርክ።»

ራሴን ቀና ማድረግ አቃተኝ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር፤ ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ክር ክር ነው፣ ልጄ። የኔ እናትና ክርስቲያን ጎረቤቷ ልጅ ተለዋውጠው ነው ጡት ያጠቡት። ክሩ አላስከፋኝም። ማተቤን ብለህ ምለህልኝ፣ እዚያው ማተብህ እየታየኝ ሐብል ነው አልከኝ።» ወደ ቤታቸው ዞር አሉና «ለቤቴ ምን ልበላት?» አሉ።

ይቅርታ አልኩ። አብሽር አሉኝ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን። «አምንሃለሁ» የምትለዋን ግን አልጨመሩም።

ሥዕሉን ከካርቶኑ አውጥቼ ለልጅቱ ሰጠኋት፤ የእሷ ነው፣ ማንም አይወስደውም አልኳት። አድጋለች፣ የወለቀው ጥርሷ በቅሏል። ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ ዞር አደረገችው፣ ጠጋ አደረገችው፣ ራቅ አደረገችው። አንገቷ ባዶ ነው። አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ጋር ገጥሟል፣ ሠዓሊ እንኳ ቢያየው አይለየውም ብዬ ነበር።

«እዚህ ጋ ነበር» አለችኝ፤ ጣቷን አስቀመጠችበት።

ቦታው ልክ ነበር።